አንድ ማይል ሲቀረው

እንዳሻው አሜሪካ፣ ዌስትቼስተር ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ከተደረደሩት ሆቴሎች በአንዱ የሻትል ሾፌር ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ያንኑ መንገድ ዞሮታል፤ ከሆቴሉ በር ተነስቶ፣ ተርሚናሎቹን አዳርሶ፣ ተመልሶ ሆቴሉ በር። ሥራውን አይጠላውም። ሻንጣ ይጭናል፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይነዳል። ባለቤቱ መሠረት፣ "አንተ እኮ አፍህን የምትከፍተው ስትጎርስ ብቻ ነው" ትለዋለች።

የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የተሰለፉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰዎች ድሮ ባሕር ኃይል እንደነበረ ያውቃሉ። ባለ ሱቁ ጋሼ ለገሠ ከሩቅ ሲያዩት "መርከበኛው መጣ!" ይላሉ። መርከብ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ግን ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም። "ተራ ወታደር ነበርኩ" ብሎ ያልፋል። መሠረትም ብትሆን ከዚያ የበለጠ አታውቅም፤ ምጽዋ እንደነበረ፣ በ1983 መርከባቸውን ይዘው የመን እንደገቡ፣ ከዚያ በስደተኛነት ወደ አሜሪካ እንደመጣ፣ ያ ብቻ።

አንድያ ልጃቸው ኤልሻዳይ ኮሌጅ አቋርጣ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መፈረሟን የነገረቻቸው አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። መሠረት አለቀሰች። እንዳሻው ግን፣ "የየትኛው ክፍል ነሽ?" አላት።

"ፋየር ኮንትሮል።"

መሠረት እንባዋን ጠረግ አድርጋ ቀና አለች። "እሳት አደጋ ነው? እሱስ ደህና ነው።"

"አይ ማሚ፣ እሳት አደጋ አይደለም። የመድፍ፣ የራዳር ምናምን። ተኩስ የሚቆጣጠረው ክፍል ነው።"

እንዳሻው ተነስቶ ወደ በረንዳው ወጣ። ጎረቤቱ ውሻውን ሲያጥብ ያያል፤ ልቡ ግን እዚያ የለም። ከነበሩት ሥራዎች ሁሉ ያንን፣ እሱ የሸሸውን መምረጧ ገረመው። እሷ ደግሞ ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

መርከቧ ወደ ቀይ ባሕር ከመሄዱ በፊት ለአሥር ቀን ዕረፍት መጣች። በመጨረሻው ቀን ፌርፋክስ ላይ ምሳ በሉ። መሠረት ከትሪው ዙሪያ ዙሪያውን ትነካካለች እንጂ አትበላም። ኤልሻዳይ እናቷን ለማረጋጋት ብላ መርከቡ እንዴት እንደሚጠበቅ ማስረዳት ጀመረች።

"ሶ ማሚ፣ ሚሳኤል ቢመጣ መጀመሪያ በጣም ሩቅ ላይ የሚመታው የኛ ሚሳኤል አለ። እሱ ቢስተው ቅርብ ላይ የሚመታ ሌላ አለ። የሚያታልል ነገርም እንረጫለን፤ መርከቡን ትቶ ወደዚያ ይሄዳል። ኦኬ? ያ ሁሉ ካልሠራ ነው የኔ ተራ የሚመጣው።"

"ያንቺ መጨረሻ ላይ ነው?" አለች መሠረት።

"መጨረሻ ላይ ነው። ግን ማሽኑን ብታይው! ነጭ ነው፣ ትልቅ ቆብ የደፋ ሰው ይመስላል። ስድስት አፈሙዝ አለው፣ እየተሽከረከረ ነው የሚተኩሰው። በአንድ ሰከንድ ሰባ አምስት ጥይት! የራሱ ራዳር አለው፤ አንዱ ይፈልጋል፣ አንዱ ይከተላል። ሚሳኤሉን ብቻ አይደለም፣ ራሱ የተኮሰውን ጥይት ጭምር ያየዋል።"

"ጥይቱን ራሱን?" አለ እንዳሻው። ከተቀመጡ ጀምሮ የመጀመሪያ ንግግሩ ነበር።

"አዎ። ጥይቱ በየት በኩል እንዳለፈ፣ ሚሳኤሉ የት እንዳለ ያይና ልዩነቱን ያስተካክላል። እንደገና ያያል፣ እንደገና ያስተካክላል፤ እስኪገናኙ ድረስ።"

"የኛ እንዲህ አልነበረም" አለ።

እናትና ልጅ ዞረው አዩት። "የናንተ ምን?" አለች ኤልሻዳይ።

"የኛ ሁለት አፈሙዝ ነበረው። ራሺያ ሠራሽ።" ከአፉ ያመለጠውን ለመመለስ ያህል ውኃ ጠጣ። "ጥይቱን አያይም ነበር። የሚያይልን ሰው ነበር።"

"ዳዲ! አንተ ጋነር ነበርክ እንዴ? መድፍ ተኳሽ?"

"ብሉ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።"

ልጅቱ አባቷን ስለምታውቅ አልገፋችም። እሱ ግን ሒሳቡ እስኪመጣ ሲቁነጠነጥ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቃት። "ይሄ ነገር፣ ሰው ሳይፈቅድለት ይተኩሳል?"

"ካፒቴኑ አውቶ ላይ አድርጉት ካለ ሁሉንም ራሱ ያደርገዋል። ራሱ ያያል፣ ይለያል፣ ይተኩሳል፣ ራሱ ያቆማል። ሰው ይህን ሁሉ ልሥራ ቢል አይደርስም።"

"እና የሰው ሥራው ምንድነው?"

"አቁም ማለት። የኛው አውሮፕላን ሆኖ ቢገኝ ምናምን፣ ተኩሱን ለማስቆም የምጫነው በተን አለ። እሱ ጋ እቀመጣለሁ።"

"ለማሰብ ስንት ሰከንድ ይሰጣል?"

"ትንሽ ነው" ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በጥር ወር መርከቡ ባብ ኤል መንደብ አካባቢ እንደሚመላለስ ከዜናው ገመቱ እንጂ እሷ የት እንዳለች አትጽፍላቸውም። ሁቲዎቹ ከየመን ዳርቻ በየዕለቱ ይተኩሳሉ፤ የአሜሪካ መርከቦች ይመክታሉ፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖችም የመንን ይደበድባሉ። መሠረት ኖርዝ ሆሊውድ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፤ ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ዜና ስለሚከፍቱ መሠረት በየሰዓቱ ትደውልለታለች። "እንዳሻው፣ ሰማህ?" "ሰማሁ።" "የሷ መርከብ ነው?" "ስም አልጠሩም።" ይህንን ሲባባሉ ከረሙ።

እንዳሻው ደግሞ የማይነግራት ሌላ ነገር ይሠራ ጀመር። ሻትሉን አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ከምሥራቅ በኩል ለማረፍ ዝቅ ብለው የሚመጡትን አውሮፕላኖች እያየ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ ሚሳኤል ከአንድ ማይል ርቀት መርከብ ጋ ለመድረስ አምስት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። አምስት ሰከንድ የሆቴሉ የመስታወት በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቆጠራውን እንደገና ይጀምራል።

ሆቴሉ ውስጥ የምትቀርበው አንዲት ሰው ነበረች። ዙሌይካ ትባላለች፤ የድሬዳዋ ልጅ፣ በዲቪ የመጣች፣ አርባ ዓመት ገደማ። እንግዳ መቀበያው ላይ ነው የምትሠራው፤ የምሳ ሰዓታቸው ስለሚገጥም በዕረፍት ክፍሉ አብረው ይበላሉ። ታላቅ እህቷ ሱዓድ የመናዊ አግብታ ሆዴይዳ ወደብ ከተማ ትኖራለች። ዙሌይካ ድብደባው ከተጀመረ ወዲህ ስልኳን ከእጇ አትለይም። "ዛሬም ቦምብ ጣሉ ጋሼ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ተዘጋ" ትለዋለች። እሱ አንገቱን ይነቀንቃል። ልጁ እዚያው ባሕር ላይ፣ በዚያው ጦር መርከብ መሆኗን አልነገራትም። እንዴት ብሎ ይነግራታል?

የጥር ወር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የአንድ ባልና ሚስት ሻንጣ ይዞ በእንግዳ መቀበያው ሲያልፍ ቴሌቪዥኑ ላይ የመርከብ ሥዕል አየ። ቆመ። ከየመን የተተኮሰ ሚሳኤል ወደ አንድ የአሜሪካ ጦር መርከብ ተጠግቶ፣ አንድ ማይል ያህል ሲቀረው በመርከቡ የቅርብ ርቀት መድፍ ተመትቶ ወደቀ ይላል ዜናው። የመርከቡ ስም አልተጠራም።

በርቀት የሚመቱት ስተውታል ማለት ነው። የሚያታልለውም አላታለለውም። የመጨረሻው ነው የቀረው፤ የሷ።

"ጌታዬ፣ ደህና ነህ?" አሉት ሰውየው በእንግሊዝኛ። ሻንጣቸውን እግሩ ላይ ጥሎት ነበር። ይቅርታ ጠይቆ ጫናቸው። የት እንደሚሄዱ ሁለት ጊዜ ነግረውት ሌላ ተርሚናል አወረዳቸው፤ እንደዚህ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም። ተመልሶ ሲያነሳቸው ሴትዮዋ ተቆጥታለች፤ እሱ አይሰማትም።

መሠረት ደወለች። "አንድ ማይል አሉ! አንድ ማይል ሩቅ ነው?"

"ሩቅ ነው።"

"እስቲ ንገረኝ፣ ከፌርፋክስ እስከ የት ይሆናል?"

"በኦሎምፒክ መንገድ ብትሄጂ እስከ ላ ብሪያ ያህል ነው።"

"እሱማ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል! በዚህ ትራፊክ" አለች፤ ድምጿ ትንሽ ቀለል አለው።

"አዎ" አላት። ዋሻት። ስልኩን ዘግቶ መሪው ላይ ግንባሩን አስደገፈ።

ኢሜይል ጻፉላት፤ መልስ የለም። የመርከቡን ቤተሰቦች የምታገናኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ መሠረት ለሷ ደወለች። ሴትዮዋ ትሑት ናት። ኢንተርኔቱ ሆን ተብሎ እንደሚዘጋ፣ የትኛው መርከብ እንደሆነ መናገር እንደማትችል ነገረቻት። "ጉዳት የደረሰበት ቢኖር በስልክ አይነገርም፤ መኮንኖች ቤት ድረስ ይመጣሉ። ስለዚህ ማንም ካልመጣ ደግ ነው" አለቻት። ልታጽናናት ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን መሠረት በር ትፈራ ጀመር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ቤት ነበሩ። በሩ ተንኳኳ። መሠረት ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ ባለበት ቀረ። እንዳሻው በቀዳዳው አጮለቀ። ሁለት ወጣቶች፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

"ስንት ናቸው?" አለች መሠረት በሹክሹክታ።

"ሁለት።"

"አትክፈት። ካልከፈትክ አይነግሩንም።"

ደግሞ ተንኳኳ። እንዳሻው ከፈተ። አንደኛው ልጅ ፈገግ ብሎ በእጁ የያዘውን መጽሐፍ ከፍ አደረገ። "ደህና ዋሉ ጌታዬ፤ ስለ እምነት ለማውራት ጥቂት ደቂቃ ይኖርዎታል?"

እንዳሻው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ልጆቹ ደንግጠው ውኃ እናምጣልዎ አሉት። መሠረት ከኋላ መጥታ ነገሩን ስታይ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች፤ ከዚያም ወጣቶቹን አስገብታ ሻይ ሰጠቻቸው። ያ ሁሉ ሰዓት ስለ ኤልሻዳይ ስታወራላቸው ነበር እንጂ እነሱ የመጡበትን አንዲት ቃል አላነሱም።

በማግስቱ ሥራ ሲገባ ዙሌይካ በዕረፍት ክፍሉ ፊቷን በእጇ ሸፍና ተቀምጣለች። በዚያ ሌሊት ሆዴይዳ ተደብድቧል። የሱዓድ ስልክ ጠፍቷል፣ የባሏም ጠፍቷል።

"ከባሕር ነው የተተኮሰው አሉ። ከመርከብ" አለች። "ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም?"

እንዳሻው ምሳውን ሳይከፍት አስቀመጠ። ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም ማለት ዕድሜውን ሙሉ ያወቀበት ነገር ነው። ነገር ግን ያን ቀን አልሆነለትም።

"ዙሊ፣ ልጄ እዚያ ናት። መርከብ ላይ። ማክሰኞ ሊመታ የነበረው የሷ ይመስለኛል። እስካሁን ድምጿን አልሰማንም።"

ዙሌይካ ትክ ብላ አየችው። "ኤልሻዳይ? ያቺ ፎቶዋን ያሳየኸኝ?"

"አዎ።"

"ስንት ሳምንት ሙሉ ስነግርህ፣ አንተ ዝም ብለህ ስትሰማኝ ነበር?"

ዙሌይካ ተነሳች፣ የምግብ ዕቃዋን አንስታ ወጣች። የዚያን ቀንና ቅዳሜን ሲያልፍ አላየችውም፤ ሰላም ሲላት ኮምፒውተሯን ታያለች።

ሰኞ ግን ምሳ ሰዓት መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

"ልጅህ ተገኘች?"

"አልተገኘችም። ሱዓድስ?"

"አልተገኘችም።" እጇን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ ቆየች። "እውነቱን ንገረኝ። የምትተኩሰው እሷ ናት?"

"የሷ መሣሪያ የብስ አይደርስም። ከአንድ ማይል ብዙም አያልፍ። የሚመጣባቸውን ለማስቆም ብቻ ነው የተሠራው።"

"መርከቡ ግን አንድ ነው፣ ጋሼ።"

"መርከቡ አንድ ነው" አለ። ሊከራከር አልፈለገም። ይልቅ አንድ ነገር ነገራት፤ "በ1983 ሸሽተን የመን ስንገባ ምግብ ካየን ሦስት ቀን ሆኖን ነበር። ጀልባዎች ወደኛ መጡ፤ ሊዘርፉን መስሎን ነበር። ዓሣ አጥማጆች ናቸው። የጠበሱትን ዓሣ በዳቦ ወርወር ወርወር አደረጉልን። ስማችንን እንኳ አልጠየቁንም።"

ዙሌይካ እንባዋን ጠረገች። ምሳዋን ከፈተችና ግማሹን ወደሱ ገፋ አደረገችለት። ብዙ አልበሉም፤ ሁለቱም ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ያዩታል።

ኢሜይሉ የመጣው ከዜናው ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ማለዳ ነው። ሦስት መስመር፤ ደህና ነኝ፣ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፣ ማሚ ዜና አትይ። መሠረት ስልኩን ሳመችው፣ ወዲያውም ፌርፋክስ ሄዳ ለጋሼ ለገሠ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። እሳቸውም እልል አሉና ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

እንዳሻውም ተንፈስ አለ። ግን ሙሉ በሙሉ አልቀለለውም። መሠረት የፈራችው ሚሳኤሉን ብቻ ነበር። እሱ ሁለት ነገር ፈርቶ ነበር፤ አንደኛው አለፈ፣ ሌላው፣ ማሽኑ ጋ ሆና ምን እንዳደረገች፣ ገና አልታወቀም።

መጋቢት ላይ መርከቡ ለጥቂት ቀን ወደብ ያዘ። ኤልሻዳይ የደወለችው ሥራ ላይ እያለ ነው፤ አውቃ ነው ያንን ሰዓት የመረጠችው።

"ዳዲ፣ ብቻህን ነህ?"

"አምስት ደቂቃ ስጪኝ።" ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ሻትሉን የሠራተኞች መኪና ማቆሚያ ውስጥ ፓርክ አደረገና መልሶ ደወለ። በቪዲዮ አያት። ከስታለች፤ ፀጉሯን አሳጥራዋለች።

"የኛ ነበር" አለችው። "ያ በዜና የሰማችሁት። ማሽኑ ጋ የነበርኩትም እኔ ነኝ።"

"እሺ።"

"ገና ከቁርስ መመለሴ ነበር። ሩቁን የሚመቱት ሳቱት። አላርሙ ጮኸ፣ ካፒቴኑ አውቶ አስደርጎት ነበር። ዳዲ፣ የዚያን ጠዋት የኛ ሄሊኮፕተር ወጥቶ ነበር። ሰሜን በኩል ነው ያለው ተብሏል። ራዳሩ ላይ የታየችው ነጥብ የመጣችው ከምሥራቅ ነው። እጄ ማቆሚያው በተን ላይ ነበር። አራት ሰከንድ ቢሆነኝ ነው።" አቋረጠች። "ፍጥነቷን አየሁ። ሄሊኮፕተር እንደዚያ አይሄድም። ስለዚህ አልተጫንኩም። ዝም አልኩ። ከዚያ ተኮሰ። ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ አቡጀዴ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፣ ብረቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። በካሜራው እሳቱን አየን። ስብርባሪው ባሕር ላይ ዘነበ። ሁሉም እየጮሁ ጀርባዬን መቱኝ። እኔ ሄጄ አስመለስኩ።"

"ትክክል ነው የሠራሽው።"

"አውቃለሁ! ሁሉም ትክክል ነው ይሉኛል። ግን ያቺን ነጥብ ደጋግሜ አያታለሁ። ሄሊኮፕተሩ ቢሆንስ? አምስት ሰዎች ናቸው፤ ከነሱ ጋር ነው ምግብ የምበላው። አራት ሰከንድ ዝም ብዬ፣ ያ ዝምታ ሰው ገድሎ ቢሆንስ?"

ከሻትሉ በላይ አንድ ትልቅ አውሮፕላን እያጓራ አለፈ፤ እስኪርቅ ድረስ ሁለቱም ጠበቁ።

"ኤልሺ፣ ስሚኝ" አለ እንዳሻው። "ያን ዕለት ምግብ ቤት የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም። ጋነር ነበርኩ። የመድፉ ራዳር ላይ፣ ከመርከቡ ወለል በታች። ባሕሩን አላይም፤ የማየው ነጥብ ብቻ ነው። ታኅሣሥ 1982 ነው፣ ሊመሽ ሲል። የሻዕቢያ ፈጣን ጀልባዎች በየቀኑ ያጠቁን ነበር፤ ከሳምንት በፊት ጓደኞቻችን አልቀዋል። አንዲት ነጥብ ወደኛ መጣች። በፍጥነት። አዛዡ ተዘጋጅ አለ። ከዚያ ነጥቧ ቀነሰች።"

"ምን?"

"ፍጥነቷን ቀነሰች። ሊያጠቃ የሚመጣ ጀልባ ፍጥነት አይቀንስም። መርከብ አይቶ የፈራ ሰው ነው የሚቀንስ። አየሁት። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለአዛዡ መናገር ነበረብኝ። ጓደኞቼን አሰብኩ፣ ፈራሁ፣ ተናደድኩ፣ አላውቅም። ዝም አልኩ። ተኩስ ሲለኝ ተኮስኩ።"

ኤልሻዳይ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

"ወደ ላይ ስወጣ ውኃው ላይ መረብ ተንሳፍፎ ነበር። የዓሣ መረብ። ሰው አላየሁም። በመዝገብ የጠላት ጀልባ ተብሎ ተጻፈ፤ ምስጋናም ተሰጠኝ።"

ኤልሻዳይ እጇን ከአፏ አንስታ፣ "ለማን ነግረህ ታውቃለህ?" አለችው።

"ላንቺ።"

"ለማሚስ?"

"አልነገርኩም።" ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ። "አንቺም ዝም አልሽ፣ እኔም ዝም አልኩ። አንቺ ግን አይተሽ፣ አመዛዝነሽ ነው። እኔ ደግሞ ያየሁትን ደብቄ ነው። ሁለቱን አታምታቺ። የኔን ሸክም አትሸከሚ።"

እሷም አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። ስልኩ ላይ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር። ከመዝጋታቸው በፊት ኤልሻዳይ፣ "ለማሚ ንገራት። ካልነገርካት እኔ እንደተሸከምኩት ነው የምቀረው" አለችው።

ቃል ቢገባም ሳይነግራት አራት ወር አለፈ። ቀን መረጠ፣ ቀኑ ደረሰ፣ አለፈ። በመጨረሻ የነገራት ሐምሌ ላይ፣ መርከቡ ሲመለስ ሊቀበሏት ወደ ሳን ዲዬጎ ሲነዱ፣ አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ተጨናንቆ በቆሙበት ነው። መሠረት እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል እያየች አንድ ሰዓት ያህል አልተናገረችም። እንዳሻው የፊቱን መኪና እየተከተለ ነዳ። ምናልባት ከእንግዲህ እንደ ድሮው አታየኝም ብሎ አሰበ።

ከተማዋ ሊደርሱ ሲሉ ዞረችበት። "እኔ ኮ የማታወራው ስለማትወደኝ ይመስለኝ ነበር" አለች። "ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ! ምን ዓይነት ሰው ነህ?" ቁጣ ነበር፤ ከቁጣው በታች ግን ሌላ ነገር አለ፤ እጇ እጁ ላይ ነበር።

ወደቡ ላይ ሕዝቡ ባንዲራ እያውለበለበ ይጮሃል። ኤልሻዳይ በነጭ ልብሷ ስትወርድ መሠረት አጥሩን ሊጥሱ ከተዘጋጁት ፊት ነበረች። ልጅቱ አቅፋቸው ቆየችና አባቷን ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱ አንገቱን ነቀነቀ። ገባት።

ዙሌይካም እህቷን አግኝታ ነበር፤ ሱዓድ ልጆቿን ይዛ ከባሕሩ ርቃ ወደ ዘቢድ ሸሽታ፣ ስልክ የሚሠራበት ቦታ እስክታገኝ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። የቤታቸው ጣሪያ የለም። ሆዴይዳ መመለሳቸውን እንጃ።

እንዳሻው ከሳን ዲዬጎ በተመለሰ በሳምንቱ ምሳ ሰዓት ላይ ለዙሌይካም የምጽዋን ታሪክ ነገራት። "የዚያ ባሕር ዓሣ አጥማጆች ሙስሊሞች ናቸው" አላት። "እኔ በቤተ ክርስቲያን ላስጸልይ ብል ቄሱ ስም አምጣ አሉኝ። ስም የለኝም። አንቺ በናንተ መስጊድ ዱዓ ታስደርጊልኝ እንደሁ ብዬ ነው።"

"ስንት ነበሩ?"

"አላውቅም።"

ዙሌይካ ለረጅም ጊዜ አየችው። ይቅርታ መስጠት የሷ ድርሻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ አልሰጠችውምም። "ስማቸውን አላህ ያውቀዋል" አለች። "ጁምዓ እሄዳለሁ። እነግራቸዋለሁ።"

ኤልሻዳይ ውሏ ሊያልቅ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ መርከቡም በሚቀጥለው ፀደይ እንደገና ይወጣል ተብሏል። የት እንደሚሄድ አልተነገራቸውም። መሠረት የምትንከባከባቸውን አሮጊት የዜናውን ድምፅ ዝቅ ያድርጉልኝ ብላ ለምናቸው፣ እሳቸውም እሺ ብለዋታል።